የከረመ መርዶ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ዲላ አንድ ጎረቤታችን አርፎ ለቅሶ ተቀመጥን። የሟች ታናሽ ልጅ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ሲመካከሩ ቆዩና፣ «ሰው አገር ብቻዋን ናት፤ እስክትመጣ አይነገራት» ብለው ወሰኑ። አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እርስዎ ውጭ ኖረው ያውቁታል፤ አይደል እንዴ ጋሼ?» አለኝ።

«ዛሬውኑ ይነገራት» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ምክራቸው ተመለሱ። ኋላ እንደሰማሁት፣ «ፈረንጅ አገር ልቡን አደንድኖበት ነው» ተብያለሁ። ምክሬን የተቀበለ የለም፤ ልጅቷም እስካሁን አታውቅም። አልፈረድኩባቸውም። እኔም በወጣትነቴ እንደ እነሱ ነበር የማስበው፤ ያውም በጽሑፍ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዲላ አስተማሪ ሳለሁ ለሁለት ዓመት ትምህርት ኖርዌይ የመሄድ ዕድል ደረሰኝ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገችን እናታችን ናት። እሷ ቡሌ፣ ደጋው ላይ፣ እንሰቷን እየተከለች ትኖራለች፤ ታላቅ እህቴ ዘነበች ደግሞ ዲላ ትሠራለች። የሄድኩ ዕለት እናቴ ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ወርዳ ሸኘችኝ። በኮባ የጠቀለለችውን ቆጮ በአውቶቡሱ መስኮት አቀበለችኝ። ገና ትኩስ ነበር፤ ሻሸመኔ ሳልደርስ ጨረስኩት።

ኖርዌይ የደረስኩት ቅጠሉ ረግፎ፣ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምትጠልቅበት ወራት ነበር። የተከራየኋት ክፍል ማሪት የምትባል፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት ቤት ውስጥ ናት። የመጀመሪያ ቀን ራት አቅርባ «ትበላለህ?» አለችኝ። በእኛ ወግ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩና እስክትለምነኝ ጠበቅሁ። ሳህኑን አነሳችው። በማግሥቱም እንደዚያው። «አይ» ማለት እዚያ አይ ማለት እንደሆነ ያስተማረኝ ሆዴ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች እንደተጣላ ሰው ተራርቀው ይቆማሉ። እኔ ሁሉንም ሰላም ስል፣ የት ያውቀኛል እያሉ ግራ ይጋባሉ።

ይህ ሁሉ ያስቀኝ ነበር። ሳቄን የወሰደው አንድ የምሳ ሰዓት ነው። ስልክ ጮኸ፤ ማሪት አነሳች፣ ጥቂት አዳመጠች፣ አመስግና ዘጋች። «ወንድሜ ሞተ» አለችኝ። በመስኮቱ በረዶውን ስታይ ቆየችና ድንቹ ሳይቀዘቅዝ እንድበላ ነግራኝ ሳህን ማጠብ ጀመረች። እኔ ተነስቼ ልጮህላት ቃጣኝ። በር ያንኳኳ ጎረቤት አልነበረም።

በዚያው ቀን ለዘነበች ደብዳቤ ጻፍኩ። «እነዚህ ሰዎች ሞትን በስልክ ይነጋገሩታል፤ ልክ ዝናብ ዘነበ እንደማለት። እኛ ግን ሰውን አብልተን፣ ዘመድ ሰብስበን፣ ደግፈን ይዘን ነው የምናረዳው። ክፉ ወሬ በባዕድ አገር ለብቻ ከመስማት አለመስማት ይሻላል» አልኩ። አሳምሬ ጻፍኩ ብዬ ደግሜ አነበብኩት።

ያን ጊዜ በስልክ የምንገናኘው በቀጠሮ ነው፤ ዘነበች ዲላ ቴሌ ሄዳ ትጠብቀኛለች። የመጀመሪያው ጊዜ እናቴም አብራት ነበረች፤ ድምጿ ባሕር እንዲሻገር ነው መሰል ትጮህ ነበር። ከዚያ በኋላ እህቴ ብቻ ሆነች። «ጉንፋን ይዟት ነው።» «ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነው።» «የቡሌ መንገድ ጭቃ ሆኖ ነው።» እኔም አመንኩ።

ማሪት ግን አላመነችም። «እናትህን ለምን አታነጋግራትም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«መንገዱ ጭቃ ነው።»

«ዓመቱን ሙሉ?» አለችና፣ ዓይኔን እያየች፣ «በሕይወት አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። ሟርተኛ አልኳት፤ ሳምንት ሙሉ አላነጋገርኳትም። ልመለስ ስል በእጇ የሠራችውን የሱፍ ሹራብ ለእናቴ ብላ ሰጠችኝ።

ዲላ መናኸሪያ ስወርድ የጠበቀኝ አጎቴ በራሶ ነው፤ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ። «እናቴስ?» አልኩ። «ነገ ቡሌ እንወጣለን። ዛሬ ደክሞሃል፤ እረፍ» አለኝና ወደ ቤቱ ወሰደኝ። በቅቤ የራሰ ቆጮና ጎመን ቀረበ። ዘነበች ቀና ብላ ሳታየኝ እጄን አስታጠበችኝ። ደክሞኝ ስለነበር ምንም ሳልጠረጥር ተኛሁ።

ንጋት ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ቀሰቀሰኝ። በሩን ስከፍት ግቢው ሞልቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። እኔም መርዶ ሊያረዱ ከሄዱት ጋር ስንት ጊዜ ንጋት ላይ ቆሜያለሁ፤ ማንም መናገር አላስፈለገውም።

«መቼ?» አልኩ።

«ዓመት ከሰባት ወር ሆናት» አለ አጎቴ።

ወራቱን ቆጠርኩ። ማሪትን ሟርተኛ ስላት እናቴ ከተቀበረች ከርማለች።

አብረውኝ አለቀሱ፤ አላስመሰሉም። ነገር ግን እነሱ አልቅሰው፣ ተጽናንተው፣ ተዝካሯን እንኳ ረስተዋል። ወሩ የቡና ለቀማ ነበር፤ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አንድ በአንድ ወደ ማሳቸው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን የቀረነው እኔና ዘነበች ነን። ማሪትም ብቻዋን ነበረች፤ እሷ ግን ቢያንስ በሰዓቱ አውቃለች።

«ለምን?» አልኳት እህቴን።

«ልንነግርህ ነበር» አለች። «አጎታችን ሊነግርህ የስልክ ቀጠሮ ይዞ ነበር። በመሐል ደብዳቤህ ደረሰ። ለቀስተኛው ሳይበተን አነበብኩላቸው። 'ይኸው፣ ራሱ አለመስማት ይሻላል ብሏል' አሉ። በደወልክ ቁጥር እዚያች የስልክ ሳጥን ውስጥ ቆሜ ስዋሽህ ምን እንደምሆን ታውቃለህ?»

ላቅፋት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን፣ «ከእንግዲህ የምትዪውን አላምንሽም» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። ዛሬ ዘነበች ይርጋጨፌ ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ ትደውልልኛለች። ቤተሰቡን ስጠይቃት «ደህና ናቸው» ብላ ብቻ አታቆምም። ሳልጠይቃት ስልኩን ለልጇ፣ ለአማቿ፣ ለልጅ ልጆቿ፣ ገና አፉን ላልፈታው ሕፃን ሳይቀር ታቀብላለች፤ የሁሉንም ድምፅ ታሰማኛለች። ልጆቹ በአያታቸው ጠባይ ይስቃሉ። «አምንሻለሁ፣ እህቴ» ልላት በየእሁዱ አስባለሁ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ግን ተራ በተራ ሰላም እላቸዋለሁ።