ለአስራት ያልነገርኩት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስናዘዝ ይህችን እየዘለልኩ ዓመታት አለፉ። ዛሬ የምናገረው ደፍሬ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ሺሺንዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ቡና ገዝቼ አስደርቃለሁ። አስራት በማድረቂያው የሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና የሚያገላብጥልኝ ሠራተኛዬ ነበር። አንድ የቡና ወቅት ጎኑን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ሽንቱ ደም ቀላቀለ። ሕመሙን አወቅሁት። እኔንም ይዞኝ ቦንጋ ታክሜ ነበርና። ሐኪሙ ያኔ እንዳስረዳኝ፣ ሰው ውሃ ሲያንሰው ሽንቱ ውስጥ ያለው ጨው ይረጋና ጠጠር ይሆናል፤ ጠጠሩ ከኩላሊት ወጥቶ ቀጭኑን የሽንት ቧንቧ ሲይዝ ነው እንዲያ የሚያሰቃየው። ትንሽ ከሆነ በውሃ ይወርዳል። «ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳታድር ና፤ ኩላሊትህ እየተመረዘ ነው» ብሎኝ ነበር።

ለአስራት የውሃውን ነገርኩት፤ የትኩሳቱን ዋጥኩት። ለምን? ሰማዩ ዳምኗል፣ ቡናው እርጥብ ነው፣ ካልተገላበጠ ይሻግታል። ሌላ ሰው አጥቼ ነው? አላጣሁም፤ እንደ እሱ የሚሠራልኝ ስለሌለ ነው።

በማግስቱ ጋቢ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ግንባሩን ነካሁት፤ ይፋጃል።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይሄስ ምንድነው?» አለኝ።

«ጠጠሩ ሊወርድ ሲል ነው። ውሃ ጠጣ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። እያወቅሁ ነው ያልኩት። እሱም አምኖኝ እስኪመሽ ቡናዬን አገላበጠ።

ራሱን ስቶ ሲወድቅ ነው መኪና የጠራሁት። ቦንጋ፣ ከዚያም ጅማ አደረስኩት። ነፍሱ ተረፈች፤ አንዱ ኩላሊቱ ግን ከጥቅም ውጭ ሆኖ በኦፕራሲዮን ወጣ። እሱ ደግሞ «ያተረፈኝ ጋሽ ታደሰ ነው» እያለ ለአገሩ ሁሉ ያወራል። ሚስቱ በየዓመቱ ማር ትልክልኛለች። እንዴት አድርጌ ነው የምውጠው?

ዛሬ ጠዋት እጁን ኩላሊት በቀረለት ጎኑ ላይ ጭኖ ደጄ ቆመ። «ያው ሕመም መሰለኝ። እርስዎ ያውቁታል፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ይህኛው ከተበላሸ አስራት የሚኖርበት ኩላሊት የለውም። ወዲያው ይዤው ቦንጋ ገባሁ።

ሐኪሟ የድሮውን ጠየቀችው፤ ያኔ ትኩሳቱ ሲጀምርህ ለምን ቶሎ አልመጣህም አለችው። አስራት ወደ እኔ ዞረ።

«መች አወቅን፣ ጋሽ?» አለ።

አፌን ከፈትኩ። አሁን ንገራት፣ አሁን፣ እያልኩ ነበር።

«አላወቅንም» አልኩ።

እሱ ውስጥ እየተመረመረ ነው፤ እኔ ደጅ ተቀምጬ የበሩን መከፈት እፈራለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም።