የሰርጌን ኮት የለበሱ አባት

ሶዶ ላይ ጠዋት ጠዋት ዳሞታ ተራራ የለም። ከቁርስ በኋላ ነው የሚመጣው። ጉሙ ቀስ እያለ ሲገፈፍ መጀመሪያ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ይታያል፣ ከዚያ አንድ ሁለት የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በመጨረሻ ተራራው ራሱ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው በግማሽ ቀና ይላል። እሱን ፎቶ ሳነሳ ስንት ቀን ቢሮ አርፍጃለሁ! የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አለቃዬ "ዛሬም ጉሙ ያዘህ?" ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ "ጉም መዝገን ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የኔው ባል ነው!" እያለች ትስቅብኛለች።

ግን መንገዱን የከፈተችልኝም እሷው ናት። ፎቶዎቼን ፌስቡክ ላይ ያየ ሁሉ "አንተ ሰው፣ ቢሮ ተቀብረህ ቀረህ እኮ" ሲለኝ ሰምታ ሰምታ፣ አንድ ቀን "እስቲ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ውሰድና ይለይልህ" አለችኝ። "እንጀራ ከሆነ ይሁን። ካልሆነ ወደ መዝገብህ ትመለሳለህ፤ ያኔ ስለ ካሜራ ደግመህ እንዳታነሳብኝ።" እኔም መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት የነበረ አንድ ክፍል ተከራየሁ።

የቀድሞው ተከራይ ፏፏቴና ጽጌረዳ የተሳለበት መጋረጃ ትቶ ሄዷል። ናቅኩትና ጠቅልዬ ጥግ አቆምኩት። እኔ በነጭ ግድግዳና በመስኮት ብርሃን ነው የማነሳው ብዬ! ደንበኛው ገባ ይልና "ፏፏቴው የታለ?" ብሎ ይወጣል። የሚቀሩልኝ ጉርድ ፎቶ የቸገራቸው ብቻ ናቸው። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ወለሉን አቋርጦ እስከ በሩ ሲሄድ እያየሁ፣ ነቅቼም ተኝቼም ሳይሆን እውል ነበር።

ከፎቶዎቼ ሁሉ የምኮራበት አንድ ነበር። ተበላ ከተማ፣ በገበያ ቀን ያነሳሁት ነው። ከብቶቹ ያስነሱት አቧራ ፀሐይ ከጎን መትታው ወርቅ ሆኗል። በመሃሉ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞረዋል፤ አንድ እጃቸው ወደ አንገታቸው ስትወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ናት። ስለዚያች እጅ ስንት ሰው ጻፈልኝ! አንዱማ "የምትጸልይ እጅ" አላት፤ እኔም አመንኩት።

ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጥቁር የለበሱ እናት ከተበላ ከተማ መጥተው ገቡ። "የጎረቤቴ ልጅ በስልኳ አሳየችኝ፤ ባሌን ያነሳኸው አንተ ነህ አሉ" አሉኝ በወላይትኛ። ሽማግሌው ሞተዋል። ቤት ያለችው ፎቶ የመታወቂያቸው ብቻ ናት፤ እሷም ላይ ማኅተሙ ግማሽ ፊታቸውን ሸፍኖታል። ለአርባቸው ትልቅ ፎቶ ይፈልጋሉ። ተዝካር ላይ የሟች ፎቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል፤ የመጣው ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ፊት ቆሞ ነው የሚያለቅሰው።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሳቸው ሰው ሞቶባቸው የእኔ ልብ በደስታ ዘለለ። ያንን ፎቶ እንዳለ፣ ከነአቧራው ከነወርቁ፣ በትልቁ አሳትሜ ፍሬም አስገባሁት። ጥጉ ላይም ስሜን ጻፍኩ። ሴትየዋ ሲመለሱ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው።

ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ አንገታቸውን ደፉ።

"ልጄ፣ በዚህ ነው ሰው ፊት የማቆመው?" አሉ። "ኮሌታው ተቀዷል እኮ።"

"እናቴ፣ ውበቱ እሱ ነው። እጃቸውን ይዩልኝ እስቲ…"

"እጁንማ ያነሳው ኮሌታውን ሊሸፍን ነው! ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ እጁን አላውቃትም?"

የገበያው ቀን እንደ አዲስ መጣብኝ። ሽማግሌው ካሜራውን ሲያዩ "ቆይ፣ ቆይ" ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ "እንደዚያው ይሁኑ አባቴ፣ ያምራል" ብዬ ያነሳኋቸው። ያማረው ለእኔ ነዋ! አፈርኩ፤ ካሜራ ከያዝኩ ጀምሮ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"ለልጃችን ሰርግ ኮት እገዛለሁ እያለ ነው የሞተው" አሉ ሴትየዋ። "እዚያ ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ኮት ያለብሳል አሉኝ። አንተ አታለብስም?"

ኮት ማልበስ! ከፎቶ ቤት ሥራ ሁሉ የምጠላው እሱን ነበር። ከኮምፒውተር ያንኑ አንድ ኮትና ቀይ ከረባት ያወጡና ገበሬውንም፣ አስተማሪውንም፣ ሹፌሩንም አንገቱን ይሰኩበታል። ስንት ጊዜ ቀልጄበታለሁ። አሁን ግን እኚህ እናት ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ አንጀቴን በሉት። "አለብሳለሁ" አልኳቸው።

የኮምፒውተሩን ኮት ግን እጄ እምቢ አለ። በማግሥቱ የሰርጌን ኮት ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ባለቤቴ "የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም?" አለችኝ፤ እንዲያም ሆኖ ትከሻውን በብሩሽ ጠራረገችልኝ።

ክፍሌ ገብቼ ያን የናቅኩትን ፏፏቴ ከጥግ አምጥቼ ሰቀልኩ። ፀሐይዋ እንደ ገበያው ቀን ከጎን እስክትመጣ ጠበቅኩ። ሸሚዙን እስከ ላይ ቆልፌ፣ ኮቱን ለብሼ፣ ዱላ ይዤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ካሜራው በራሱ እስኪያነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ክፍሉ የከብት አቧራ ሸተተኝ። ትከሻዬ ሳላዘው ዝቅ አለ፣ እንደ እሳቸው። እጄ ወደ አንገቴ ተነሳችና ኮሌታው ደህና መሆኑን ስታገኘው ተመልሳ ጉልበቴ ላይ አረፈች። ካሜራው ያኔ ነው ያነሳኝ።

የእሳቸውን ፊት ከእኔ ትከሻ ጋር በኮምፒውተር ለማስማማት ቀናት ፈጀብኝ። ስሜን አልጻፍኩበትም።

አርባቸው የዋለው ፈቃዴ በሚያልቅበት ቅዳሜ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌው ፏፏቴያቸውን ከኋላ አድርገው፣ ነጠላ በተነጠፈበት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው የደከመ ታላቅ ወንድማቸውን ደግፈው አመጧቸው። "ምን ለብሷል?" ብለው ጠየቁ። "ኮት" አሏቸው ሴትየዋ። ወንድምየው እጃቸውን ዘርግተው በመስታወቱ ላይ ትከሻውን ዳበሱት። "ለበስክ? ለበስክልኝ ወንድሜ?" እያሉ አለቀሱ። እኔ ከኋላ ቆሜ የእጃቸው ሙቀት ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ። ስማቸውን እንኳ ጠይቄያቸው ለማላውቅ ሰው፣ እንደ ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"እህስ? ሰኞ ቢሮ ነህ?"

"አይደለሁም። ፏፏቴውም ከግድግዳው አይወርድም።"

ፊቴን አየት አድርጋ ብዙ አልጠየቀችኝም። "ይሁና" አለች። "እንግዲያው ኮቱን ላሳጥበው፤ ለወንድሜ ሰርግ ትለብሰዋለህ።"

"ተይው" አልኳት። "ሰው ለብሶታል።"