የሞተች መርከብ መለዋወጫ

ከአዳማ በወጣሁበት ማታ አባባ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትነዋል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ቱርክ ከሚልከኝ ደላላ ላይ አልነቀሉም። ለዓመታት ከሞጆ ደረቅ ወደብ ሻሸመኔ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ፈገግታ የሚያበዛ ደላላ አያምኑም። ታናሽ ወንድሜ ጦርነት ሄዶ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ማንንም አያምኑም። የጦር ሥራ ከሆነ እጅህን እንዳታስገባ ብለው አስማሉኝ። እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩ።

ቱርክ ስደርስ እኔም እንደሳቸው ሆንኩ። አዳማ ሳለሁ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበርኩ፤ ኩሽኔታ ሲመጣልኝ ካርቶኑን ሳይሆን ብረቱን በጥፍሬ ፍቄ ነው የማምነው። እዚህ ግን ሰውን መፋቅ አይቻልም። አከራዬ በየሳምንቱ እየመጣች አምፖሎቿን ትቆጥራለች፤ እሷ ስትወጣ እኔ ደግሞ ዕቃዬን እቆጥራለሁ። የምስር ሾርባቸው በርበሬ የሚባል አያውቅም፤ የባሕሩ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። የአዳማ ሙቀት እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሠራተኛው ወረቀቴ ላይ የመርከብ ሥራ የሚል አይቶ፣ አገርህ ባሕር አለው ወይ አለኝ፤ የለውም አልኩ። ታዲያ ከመርከብ ጋር ምን አገናኘህ ሲለኝ፣ ወደብ አጠገብ ነው ያደግኩት አልኩት።

"ባሕር ሳይኖር?"

"ደረቅ ወደብ ነው።"

ትክ ብሎ አየኝና ባልደረባውን ጠራ። ሁለቱም ሌባ እንደያዘ ሰው አፈጠጡብኝ። ኋላ ላይ ፈቃዱን የሰጡኝ አምነውኝ ሳይሆን ሰልችቻቸው ይመስለኛል።

ሥራዬ አሮጌ መርከብ ማፍረስ ነው፤ በእኛ አባባል የመርከብ ቁራሌ ሆንኩ። ከወራት በኋላ አንዲት አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ እየተጎተተች መጣች። ጀርባዋ የወለንጪቲን ገበያ እንዳለ ይችላል። አለቃችን ብረት የሚወድ ሽማግሌ ነው፤ በቱርክኛ ኡስታ፣ ባለሙያው፣ እንለዋለን። መርከቧ መጀመሪያ ስትሠራ ማረፊያዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ እንደነበር አስረዳኝ። የሚያርፈው አውሮፕላን ለማስቆም ወለሉ ላይ የተዘረጋውን መያዣ ገመድ ከሳተ ፊት ለፊት የቆሙትን አውሮፕላኖች ሄዶ ይገጫል። በኋላ በግራ በኩል ብረት ቀጥለው ማረፊያውን ሰያፍ አደረጉት፤ ገመዱን የሳተው ተነስቶ፣ ዞሮ እንደገና ይሞክራል። አዲሱ ብረት ከአሮጌው ጋር የተበየደበትን መስመር በእጄ ዳሰስኩትና ከልቤ ደስ አለኝ።

ደውዬ ለአባባ ስነግራቸው ግን የጦር መርከብ የሚለውን ብቻ ነው የሰሙት። የሞተች ናት፣ እየቆራረጥናት ነው ብላቸውም ድምፃቸው እንደቀዘቀዘ ቀረ።

ከዚያ ኡስታ መያዣ ገመዱን የሚስበው ማሽን ወዳለበት ክፍል አስገባኝ። እዚያ የጋዝ መቁረጫ አልተሰጠንም። ብሎኑን አንድ በአንድ ፈታን፤ ኩሽኔታውን አጥበን፣ ግሪስ ቀብተን፣ በላስቲክ ጠቅልለን በሳጥን አሸግን። ጠረጠርኩ። ይህ ሁሉ ወዴት ነው የሚሄደው ስለው ፊቱን አዞረ። ስነዘንዘው ጊዜ፣ ይህች መርከብ እህት አላት አለኝ፤ በአንድ ንድፍ የተሠራች፣ ዛሬም ጦር ጭና ባሕር ላይ ያለች። መለዋወጫውን የሚሠራ ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ከሟቿ ወስደው በሕይወት ላለችው ይሰጣሉ። ሥራውን ብተወው ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል። አፈርኩም፣ ፈራሁም። በማግስቱ መፍቻዬን ይዤ ገባሁ።

እሁድ ደወልኩ።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ?" አሉ አባባ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ ተጨዋወትን። ድንገት ጨዋታውን አቋረጡትና፦

"መርከቧን በምንድን ነው የምታፈርሳት?" አሉኝ።

በጋዝ ማለት እችል ነበር። አንደበቴ እምቢ አለኝ።

"በመፍቻ፣ አባባ።"

"ግሪስስ ትቀባላችሁ?"

"እንቀባለን።"

እሳቸው ስንት አሮጌ ሞተር አስፈትተው ሌላ መኪና ላይ ያስገጠሙ ሰው ናቸው።

"ለሚጣል ብረት ግሪስ አይቀባም" አሉ ቀስ ብለው። "የማልክባት እናትህ እዚህ አጠገቤ ናት። ምን እየሠራ ነው ትለኛለች። ምን ልበላት?"

እናቴ ስልኩን ተቀበለቻቸው፤ በላህ ወይ አለችኝ። በላሁ አልኳት።