ትሉ ሲሄድ የሚሰማው

ሽማግሌው ጋንቾ አርባ ዓመት ሙሉ የዶብሩጃ ሜዳን ጥቁር አፈር በትራክተር ሲገለብጡ ኖሩ፤ ትራክተሩም ጆሯቸውን ወሰደባቸው። ይህን ከሐኪም በቀር ለማንም አልተነፈሱም። የሚኖሩት የሰው ጭንቅላት እያዩ ነው፦ ባገራቸው ግራና ቀኝ የተወዘወዘ ራስ «አዎ»፣ ወደ ላይና ወደ ታች የተነቀነቀ ደግሞ «አይ» ነው። ቀሪውን «ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው» እያሉ ይሸፍኑታል። ሐኪሙ የሰጣቸው የጆሮ መሣሪያ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከድሮ ቁልፎች ጋር ተኝቷል። «የሹካና የማንኪያ ጫጫታ ብቻ ነው የሚያሰማኝ» ይላሉ ለራሳቸው፤ እውነቱ ግን ኩራት ነው።

በሚያዝያ ልጃቸው ሚሌና የአምስት ዓመት ልጇን ራሊትሳን ይዛ ከጀርመን መጣች።

«አባዬ፣ በጋውን አንተ ጋ ልተዋት ፈልጌ ነበር» አለች ጮክ ብላ። «ግን የመኪናው መንገድ ቅርብ ነው፤ ስትጠራህ የማትሰማ ከሆነ አልተዋትም።»

«እኔ? ዝንብ ስታስነጥስ እሰማለሁ!» አሉ። ልጅቷ እንድትቆይላቸው እንዴት እንደጓጉ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

በማግሥቱ ዝናብ ሲያባራ ራሊትሳንና የጎረቤት ልጅ ዝላታን ይዘው ጓሮ ወጡ። ትል ቆፍረው አወጡ፤ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ጥቁር አፈር በየተራ ደርበው፣ ከላይ የሰላጣ ቅጠል ጣሉበት።

«በሳምንት ውስጥ ሁሉንም ያደባልቁታል» አሉ። «የኔን ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ያውም ያለ ናፍጣ።»

«አፉ የቱ ጋ ነው?» ብላ ጮኸች ራሊትሳ። ልጆች ሲጮኹ ደግሞ ይሰማቸዋል።

«ቀድሞ የሚሄደው ጫፍ።»

«ወደ ኋላ ከሄደስ?»

ጋንቾ ጠርሙሱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «እንግዲያው ረስቶት የመጣው ዕቃ አለ ማለት ነው።»

ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው አንዱን ትል ደረቅ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ላይ አኖሩት። ሚሌና ሳህን ታጥባለች።

«አሁን ጸጥ! ሆዱ ሥር ለዓይን የማይታዩ ሻካራ ፀጉሮች አሉት፤ ሲሄድ ወረቀቱን ይፍቁታል። ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ይሰማል?»

ልጆቹ ጆሯቸውን ደፉ። ዝላታ እንዳገሯ ልማድ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ራሊትሳ ዓይኗ ፈጦ፣ ጀርመን እንዳሳደጋት ራሷን ወደ ላይና ወደ ታች እየነቀነቀች፣ «ይሰማል!» ብላ አንሾካሾከች።

«አይዞሽ፣ ጠጋ በይ፤ ትሰሚዋለሽ» አሏት ጋንቾ።

«ሰማሁት እኮ!» አሁንም ነቀነቀች።

«ግድ የለም የኔ ልጅ፣ የሰው ጆሮ እኩል አይደለም።»

ሚሌና የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ዝላታ በሳቅ ፈርሳ፣ «አባባ ጋንቾ፣ እሷማ ሰምታለች! ያልሰሙት እርስዎ ነዎት!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። ሚሌናን ለማየት አፈሩ። ተነሥተው መሳቢያውን ከፈቱ፣ ቁልፎቹን ወዲያ ገፍተው መሣሪያውን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። መጀመሪያ የመጣው ጫጫታ ነው፦ የጣሪያው ጠብታ፣ ዶሮዎቹ፣ ወንበሩ። ጎንበስ ሲሉ ግን ከዚያ ሁሉ ሥር አንድ ነገር አለ፤ ፈቅ፣ ፈቅ፣ ፈቅ ይላል።

«እየሄደ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አባዬ» አለች ሚሌና ከኋላቸው፣ እንደ መተንፈስ ባለ ድምፅ። «ልተዋት?»

ጋንቾ ጭንቅላቷን ለማየት አልዞሩም።

«ተያት» አሉ፣ ትሉን እያዩ።