የማይነሳው ስልክ

አመተ ማርያም ተራራው ላይ ደመና ሲከብድ ካየች እጇ ሥራ አይይዝላትም። ቤቷ ከወንዙ ራስ ነው። እሷ ደጅ የወረደው ዝናብ፣ ታች ሰማዩ ጥርት ባለበት አገር ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ባሏን ሙላትን ታች ሲሻገር የወሰደው እንዲህ ያለው ውሃ ነው። ያን ጊዜ አፋፉ ላይ ወጥታ ድምፅዋ እስኪዘጋ ተጣርታለች፤ ማን ይስማት?

ስልክ አገር ከገባ ወዲህ ግን ከእንዳላማው ጋር ውል አላቸው። እንዳላማው የይጁቤ ገበያተኛ በሚሻገርበት መልካ ዳር ሱቅ አለው። ጎርፍ ሲነሳ ትደውልለታለች፤ እሱ አያነሳም። ካነሳማ ካርዷ ያልቃል፣ ለሚቀጥለው ጎርፍ በምን ትደውላለች? ለሌላ ጉዳይ ደውላለት አታውቅም። ስልኩ በእሷ ስም ከጮኸ እንዳላማው ሰውን ከወንዙ ይመልሳል።

አንድ የገበያ ቀን ልጇ ወለላ ሕፃኗን አዝላ፣ አህያዋን እየነዳች ይጁቤ ወረደች። ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ለቀቀው። ወንዙ ግንድ እያገላበጠ ሲያልፍ አመተ ማርያም ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ሮጠች። ደወለች። ጠራ፤ አልተነሳም። ደገመች። ጠራ፤ አልተነሳም።

አለመነሳቱ እንደ ውላቸው ነው። ግን ሱቁን ዘግቶ ሄዶ ቢሆንስ? ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶት ቢሆንስ?

«ኧረ አንሳው፣ አንተ ሰው!» ብላ ጮኸች፤ ውሉን ራሷ ረስታው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። እንዳላማው ነው። ወዲያው አነሳችው።

«እምዬ፣ እኔ ነኝ!» አለች ወለላ።

«ልጁስ?»

«ጀርባዬ ላይ ተኝቷል። ይኸ እንዳላማው አህያዬን ይዞ አላሳልፍም አለኝ እኮ! ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስ፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ገበያተኛው 'ጎርፉን ያየኸው በስልክ ነው?' እያለ ሳቀበት። እኔም ሰደብኩት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ማን ይስቃል? ስሚው።»

ወለላ ቀፎውን ወደ ወንዙ ዘረጋችው። አመተ ማርያም ቋጥኝ ሲንከባለል፣ ውሃ ሲያገሳ ጆሮዋ ውስጥ ሰማች። ቅድም በደጇ ያለፈው ውሃ ነው፤ እዚያ የደረሰው ገና አሁን ነው። የእሷ ጥሪ ቀድሞት ነበር። ሙላትን በወሰደበት መልካ፣ ዛሬ ማንንም ሳያገኝ ያልፋል።

ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ ስልኩን ግን ከጆሮዋ አላነሳችም። ካርዱ የእንዳላማው ነበር። እሱም ውሃው እስኪጎድል ዝጊው አላለም።