ሞራው ላይ የነበረው ቀዳዳ

ልጅ እያለሁ በግ ሲታረድ የምጠብቀው ሥጋውን ሳይሆን ሞራውን ነበር። ከተክለ ሃይማኖት ዝቅ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ አባቴ የሆድ ዕቃው ላይ የተነጠፈውን ስስ ስብ ሳይቀደድ ገፍፎ ትሪ ላይ ያኖረዋል። እኔ ትኩሱን ለጎረቤታችን ለጋሼ ወልዴ አደርሳለሁ። ጋሼ ወልዴ ሞራ ገላጭ ነበሩ። ወደ ፀሐይ ዘርግተው በደም ሥሮቹ የሚመጣውን ያያሉ። ቀዳዳ ካገኙ የቤቱ አባወራ መንገድ እንዳይወጣ ይከለክላሉ።

አንድ ዓመት በመስቀል ማግስት አባቴ ለሱቃችን ጨርቅ ሊያመጣ ድሬዳዋ ሊሄድ ነበር። እሱ ሲሄድ ቤቱ ጭር ስለሚል እንዲቀር ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። የመስቀሉን በግ ሞራ ይዤ ስሄድ አጥሩ ጥግ ቆም አልኩና በአውራ ጣቴ በሳሁት። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ጋሼ ወልዴ ዘርግተው ካዩት በኋላ ወደ ግቢያችን መጡ።

«ሰማህ፣ ይቺን ሳምንት ከቤትህ እንዳትወጣ» አሉት አባቴን።

«ጋሼ፣ መኪናው እኮ ነገ ነው የሚነሳው!»

«ይነሳ። አንተ ግን አትነሳም።»

አባቴ እያጉረመረመ ቀረ። በእሱ ፋንታ ሸሪኩ ጋሼ ሸምሱ ሄዱ። «አንተ ወንድ! የበግ ስብ ፈራህ?» ብለው ሲስቁበት ትዝ ይለኛል። መኪናው መንገድ ላይ ተገለበጠ። ጋሼ ሸምሱ አልተመለሱም።

ሴቶቹ «አባትሽን ሞራው አተረፈልሽ» ይሉኝ ነበር። እጄን በሎሚ ብፈትገውም የስቡ ሽታ አልለቅ አለኝ። አባቴን ያዳንኩት እኔ ነኝ? ጋሼ ሸምሱንስ የላክኋቸው እኔ ነኝ? ወይስ ቀዳዳው መምጣቱ ላይቀር ጣቴን ተዋሰ? ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ በሱቃችን በኩል ሲያልፉ ከጨርቁ ጣቃ ጀርባ እደበቃለሁ። እሳቸው ግን ፈልገው ያገኙኝና ቴምር ይሰጡኛል።

ይህን የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነው። «ጣትሽን ከእኔ ሞራ አርቂ!» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ዛሬ አራጁ ሞራውን ከፈርሱ ጋር በፌስታል ጠቅልሎ ይጥለዋል። ባለፈው ፋሲካ ግን አስቀረሁት። ባለቤቴ እየሳቀ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ፣ እኔ ሌላውን ይዤ ወደ ፀሐይ ዘረጋነው። አውራ ጣቴን አጥፌ በአራቱ ጣቶቼ ብቻ ነበር የያዝኩት። ደጋግሜ አየሁ፤ አንድም ቀዳዳ አልነበረውም።

በሳምንቱ ባለቤቴ ለጉዳይ እንደወጣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወድቆ በዚያው ቀረ። ልቡ ነው አሉኝ።

አሁን አውራ ጣቴን እያየሁ ምነው በበሳሁት እላለሁ። ወዲያው ደግሞ እትዬ ዘይነባ ቴምራቸውን ይዘው ፊቴ ይደቀናሉ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ።