በጆሮዋ የምታነብ ልጅ

እኛ ቤት ጉብዝና የሚለካው በቃል በመያዝ ነው። አባቴ የዜማ መምህር ናቸው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ በሚደረስበት፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ደብር ያገለግላሉ። አያቴም፣ የአያቴም አባት እዚያው ነበሩ። መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የሰማውን የማይረሳ ልጅ ትልቅ ሀብት ነበርና፣ በዘመዶቻችን ዘንድ አንድ ሕፃን አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቃል ይይዛል ወይ?» ተብሎ ነው። እኔ አልያዝሁም። ግማሹን ስይዝ ግማሹ ይፈስብኝ ነበር። አባቴ ራሴን ዳበስ አድርገው «አንቺስ ለቢሮ ትሆኛለሽ» አሉኝ፤ ሆንሁም። አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ የሚያመለክቱ ሰዎችን እየጠየቅሁ፣ ማን ለምን እንደሚሆን እመርጣለሁ። ሰው አውቃለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገር ሴት ነኝ።

ልጄ ግን ያዘች። ገና አራት ዓመት ሳይሞላት፣ «አባባ» የምትላቸው አያቷ ሲጸልዩ አጠገባቸው ተቀምጣ የሰማችውን የዘወትር ጸሎት ከነግእዙ ከነዜማው አንዲት ቃል ሳትጥል አወረደችው። አባቴ ዕንባቸው መጣ። «እኔ በወንድ ስጠብቅ በሴት መጣልኝ! ይኼ ጥናት አይደለም፣ ተሰጥኦ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ተረስቶ «ባለተሰጥኦዋ» ሆነች። ዓባይ ማዶ ያለው ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጅቷ መሃል ላይ ትቆማለች፣ ዓይኗን ጨፍና ታወርደዋለች፣ እኛም እልል እንላለን። የእኔማ እልልታ ጎረቤት ያስደነግጥ ነበር።

ትምህርት ቤትም ስትገባ እንዲሁ ሆነ። አስተማሪዋ አንድ ጊዜ ያነበቡትን ምንባብ እሷ መጽሐፏን ዘርግታ፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ከአስተማሪዋ ባማረ አነባበብ ትለዋለች። ሁለተኛ ክፍል እያለች አስተማሪዋ አስጠሩኝ። ሰው ፈነከተች ብዬ ልቤ ተንጠልጥሎ ሄድሁ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው «ክፍሉ ለልጅዎ አንሷታል። ሰኞ እንፈትናትና ካለፈች ወደ ሦስተኛ እናሳልፋት» አሉኝ። ወዲያው ለአባቴ ደወልሁላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ለደብሩ ካህናት በሙሉ አዳረሱት። ፈተናው ሳይደርስ እንኳን ደስ ያለዎት ተባሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እናጥና ብዬ ሐይቁ ዳር ይዣት ወረድሁ። የሦስተኛ ክፍሉን የአማርኛ መጽሐፍ ገዝቼላት ነበር። ስለ ንብ ማነብ የሚያወራውን ምንባብ አወጣሁ። «እማ፣ መጀመሪያ አንቺ አንብቢልኝ» አለችኝ፤ አነበብሁላት። ከዚያ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ እሷ ጀመረች። መሃል ላይ ከሐይቁ ነፋስ መጣና ገጹን ገለበጠው። ልጄ አላቋረጠችም። ጣቷን የአውራ ዶሮ ሥዕል ባለበት በሌላው ገጽ ላይ እያስኬደች፣ ስለ ንቦቹ እስከ መጨረሻው ነገረችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሳቄ ቆመ። ከገጹ ላይ አጠር ያለች ቃል መርጬ «ይኼ ምን ይላል?» አልኋት። መጽሐፉን ትታ ፊቴን ፊቴን ማየት ጀመረች፤ መልሱን ከከንፈሬ ልትለቅመው ነው። ሌላ ቃል አሳየኋት፣ ከዚያም አንዲት ፊደል ብቻ።

«እማ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆኑብኛል» አለች። «ለማንም አትንገሪብኝ። ለአባባ በተለይ።»

እቅፍ አድርጌ ያዝኋት። ደረቴ ላይ ሆና ስታለቅስ ይችን የምታህል ልጅ በየቀኑ መጽሐፍ ዘርግታ እንዴት ባለ ፍርሃት እንደኖረች ታየኝ። ዝም ብል ሦስተኛ ክፍል ገብታ ትሰጥማለች። ብናገር ደግሞ ያላት ስም ያ ብቻ ነው፣ እሱን ልነጥቃት ነው። ያም ሆኖ፣ እንደማልደብቅላት፣ ስናገር ግን አጠገቧ እንደምሆን ነገርኋት። ወደ ቤት ስንሄድ እጄን አልያዘችም።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አባቴ ቀድመውናል። በመጀመሪያዋ ጀልባ ተሻግረው፣ የበዓል ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው ቆመዋል። ወደ ጎን ወስጄ ነገርኋቸው። ተቆጡ።

«ምን ትያለሽ አንቺ! በግእዝ የምትጸልይ ልጅ ፊደል አታውቅም ብለሽ ልትነግሪኝ ነው? ደግሞ ዛሬ! ዓይን በልቷት ይሆናል እንጂ!»

«አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ይዩአት» አልሁ።

የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ፊደል ከነዘሩ በቀለም ተጽፏል። አባቴ የጭራቸውን እጀታ ሀ ላይ አደረጉ። ልጄ በተለመደው ዜማ ሀ ሁ ሂ ብላ እየሮጠች ወረደች። አባቴ እኔን በድል አድራጊነት ተመለከቱኝ። ከዚያ ግን የመምህርነታቸው ነገር አልለቅ አላቸው መሰለኝ፣ እጀታውን አንሥተው ከመሃል አንዷ ላይ አሳረፉት። ዝም። ወደ ሌላዋ ዘለሉ። ዝም። ልጄ አንገቷን ደፋች።

የአብነት ትምህርት ያላየ ሰው ይኼ ላይገባው ይችላል። የቄስ ተማሪ ሀ ሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚባለውን ይቆጥራል፤ ያው ፊደል ነው፣ ግን ተራው ተደበላልቆ የተጻፈ። በዜማ ተደግፎ የሚያልፍ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። አባቴ ይህን ዕድሜ ልካቸውን አስተምረውታል።

«ስንቱን የሰው ልጅ አቡጊዳ አስቆጥሬ ለራሴ ልጅ ዘለልሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ድምጿን ስሰማ ያለፈችው መሰለኝ።»

ልጄ ቀና ብላ «አባባ፣ ተሰጥኦዬ ጠፋ?» አለቻቸው።

አባቴ ጉልበታቸውን እያመማቸው ቁጢጥ አሉ። የበዓል ነጠላቸው አፈር ነካ። «የት ይሄዳል፣ የኔ ዓለም? ጆሮሽ ላይ አለ። ዓይንሽ ነው ገና ትምህርት ቤት ያልገባው። ዛሬ እናስመዘግበዋለን» አሏት። እኔ ዞር ብዬ አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

ለአስተማሪዋ ስንነግራቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። ልጄን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው «ይኸን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ተሸክመሽው?» ብቻ አሏት። ፈተናው ቀረ። በየዕረፍቱ አብረዋት ሊቀመጡ ተስማማን። አባቴም በየቅዳሜው እየተሻገሩ ይመጡ ጀመር።

ቀላል አልነበረም። መጽሐፉን የወረወረችበት ቀን አለ፣ «ደደብ ነኝ» ብላ አልጋ ሥር የገባችበትም ቀን አለ። «ምነው ፈተናው?» እያሉ የሚጠይቁኝ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ለአንዷ የመለስሁላትን እዚህ አልጽፈውም። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ጸሎቱን ማለት መተዋ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። በድምጿ የሞላችው ቤት ጭር አለ። አባቴ በይ ብለው አልጠየቋትም። የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዲት ፊደል ያሳዩአትና ይጠብቃሉ። አይነግሯትም፣ አይቆጧትም፣ ይጠብቃሉ። እኔ ትዕግሥት የለኝምና ልነግራት አፌን ስከፍት በጭራቸው ጉልበቴን መታ ያደርጉኛል።

መሥሪያ ቤትም አመሌ ተለወጠ። እንደ ውኃ የሚወርድ አንደበት ያለው አመልካች ሲመጣ እንደ ድሮው አልደነቅም። የሚንተባተበውንም ቶሎ አላሰናብትም።

አንድ ቅዳሜ አባቴን ወደ ጀልባው ለመሸኘት ሦስታችንም ባጃጅ ተሳፈርን። የዓባይ ድልድይ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ልጄ በጎን አንገቷን አውጥታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መንገዱ ዳር በቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ።

«ጎ» አለች። ቆየች። «ማ።»

ፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ። ሹፌሩ ሊነዳ ሲል አባቴ ትከሻውን ይዘው «ቆይ፣ በማርያም፣ ትንሽ ቆይ!» አሉት። ከኋላችን የመኪና ጥሩምባ ጮኸ፤ አንዱ ሰደበን። አባቴ እጃቸውን ከሹፌሩ ትከሻ ላይ አላነሡም። እሷ የሰማችም አይመስለኝ። «እን... ጠ... ግ... ና... ለን።»

ከመጀመሪያው ተመልሳ፣ አሁን አገጣጥማ አለችው፦ «ጎማ እንጠግናለን።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። ያን ዓይነት ፊት፣ ያ ሁሉ እንግዳ ሲያጨበጭብላት እንኳ አይቼባት አላውቅም።

«ይኼን ማንም አልነገረኝም» አለች።